መስኮቱን ዝጊው

"መስኮቱን ዝጊው እንጂ!" አለ ከኋላዬ አንዱ፣
ሐረጎን ስንወጣ፣ በጉም ሲዋጥ መንገዱ።
ሐምሌ ነው። ሚኒባሱ ሙሉ ጋቢና ሹራብ፤
ከእኔ ሻሽ ጠርዝ ብቻ ይንጠባጠባል ላብ።
ምን ብዬ ላስረዳው፣ ይህን የደረቴን ወላፈን፣
ስሙ ነጭ ክብ ኪኒን፣ በቀን አንድ፣ ታሞክሲፈን?

ግራ ጡቴን ከወሰዱ ሁለት ዓመት ሆነው።
"ተርፈሻል" አሉኝ፤ ተርፌያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ ነው።
የተደበቀ ካለ፣ በረሃብ ይለቅ ብለው
እህሉን፣ ሆርሞኑን፣ በኪኒን ቆለፉት።
ለማህፀኔም ከዚያው ጎተራ ይሰፈርላት እንደነበር
አንድም ሰው አልነገረኝም።

ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ማተሚያ ክፍል ነኝ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ላይ አበባ ሳትም የኖርኩኝ።
ቀይ ጽጌረዳ፣ በየአርባ ሳንቲው አንዴ፣
ቀኑን ሳያዛንፍ የሚመጣ፣ እንደ ድሮው ልማዴ።
የእኔው አበባ ግን በአርባ አንድ ዓመቴ ቀረ፤
ጠበቅሁት፤ አንዱ ወር በሌላው ላይ ተደመረ።

ይማም ደግ ነው። ጠባሳዬን አይቶ ፊቱን አላዞረም፤
እኔን የጎዳኝ ነገር ግን በዓይን የሚታይ አይደለም።
ሌሊት እጁ ሲመጣ፣ በልቤ እሺ እያልኩ፣
ገላዬ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ፤ ጥርሴን ነከስኩ።
"አመመሽ?" ሲል "ደከመኝ"፤ "ደከመሽ?" ሲል "ነገ"፤
ነገ ስል ዓመቱ ሞላ፤ መጠየቁንም ትቶ ግድግዳውን ፈለገ።
ቦርከና ከድልድዩ ሥር ሲያገሳ እየሰማሁ፣
ወንዝ በሞላበት አገር እኔ ደርቄ አነጋሁ።

ሰኔ ላይ፣ ጁምዓ ሊነጋጋ ሲል፣ አንሶላው ላይ አየሁት፤
አንዲት ነጠብጣብ፣ ቀይ። እኛ ያተምናት መስሎኝ በጣቴ ፋቅሁት።
ለቀቀ።
የእኛ ፋብሪካ ቀለም አይለቅም።

ደሴ፣ ሆስፒታሉ፣ ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን እያየ
"የማህፀንሽ ግድግዳ ወፍሯል" ብሎ ትንሽ ቆየ፤
"ኪኒኑ እንዲህ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም።"
አብዛኛውን ጊዜ።
ናሙና ቆርጠው ወሰዱ፤ "ሦስት ሳምንት" ተባልኩ።
የፊት በሬን የጠበቀው ዘብ፣
የጓሮውን ከፍቶት ይሆን? እያልኩ ከረምኩ።

ሲስተር ወይንሸት ግን በሩን ዘጋች፣ ወንበር ሳበች።
"ከባልሽ ጋር ስትተኚ ያምሻል?" አለች።
ይህን ጥያቄ በአማርኛ ስሰማ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣
የመጀመሪያዬ ነበር።
"ብልትሽ ይደርቃል፤ ይህም ከኪኒኑ ነው።
ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የሱም አይደለም።"
በስሙ ጠራችው፤ እንደ ክርን፣ እንደ ጉልበት፣
ቀለል አድርጋ፤ እኔ ግን ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩት።
ሆርሞን የሌለበት ቅባት በትንሽ ቱቦ ሰጠችኝ፤
"ሲያምሽ ዝም አትበዪ። እሱንም ይዘሽው ነዪ" አለችኝ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። በጨለማው ነገርኩት፤
እሷ እንዳለችው ቃሉን፣ ሳልሸፋፍን፣ በስሙ ጠራሁት።
ይማም ብዙ ዝም አለ።
"እኔኮ" አለ ቆይቶ፣ "የጠላሽኝ መስሎኝ ነው።"

ዛሬ አጠገቤ ነው። ውጤቱ ከጉሙ ማዶ፣
ፖስታ ውስጥ ነው። ምን እንደሚል አላውቅም።
"ኧረ ዝጊው፣ ሴትዮ! በንፋስ ልትፈጂን ነው እንዴ?"

ዚፑን እስከ አገጩ የቆለፈው ባሌ ዞረ፤
"እኔ ነኝ የከፈትኩት" አለ፣ "ሙቀት አልችልም"፣
ጥርሱ እየተንገጫገጨ፤
እጁንም በላዬ አሻግሮ፣ የመስታወቱን ክፍተት
ጥቂት ጨመረ።